ሬዲዮ አድርሼ መምህር ያስነሳሁበት የቦረና መንገድ

ሰኞ፦ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ

ነጌሌ ቦረና ሂድ ስባል ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ራሴን መስደብ ያምረኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ የትምህርት ሬዲዮ ገና ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የተመረጡ መምህራን በሬዲዮ ያስተምራሉ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ ክፍላቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። የእኔ ሥራ ሬዲዮ ማደል፣ የአንቴና ሽቦ መዘርጋት፣ ሲበላሽ መጠገን ነው። ስሜ ተፈራ ነው። ጥገና ተምሬ የምስክር ወረቀት ይዣለሁ፤ በዚያች ወረቀትም ከልክ በላይ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

የተላክሁበት ጉዳይ ሁለት ነው። የወደራና የነጌሌ ትምህርት ቤቶች ባለፈው ዓመት ሬዲዮ ወስደዋል፤ እንዴት እየሠሩበት እንደሆነ አይቼ ሪፖርት እጽፋለሁ። ለሜጋና ለሞያሌ ደግሞ አዲስ ሬዲዮ አደርሳለሁ። አለቃዬ የሚሞላ ቅጽ ሰጠኝ። «ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል? ባትሪው ስንት ጊዜ ቆየ? ተማሪው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል?» ይላል። ተማሪው ገብቶታል ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም። እኔም አላስተዋልኩም።

«ጥሩ ነገር ካየህ በቅጹ ብቻ አትወሰን፤ ዘርዝረህ ጻፍልኝ» አለኝ አለቃዬ። «ለትምህርት ውጭ አገር የሚላክ ሰው እየተፈለገ ነው።»

ይህችን ቃል ልቤ ላይ ቋጥሬ ተነሳሁ። ሾፌሬ ባሻ ደምሴ ናቸው፤ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ፣ ለመኪናቸው እንጂ ለሰው የማይጨነቁ ሽማግሌ። ላንድሮቨሩን ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ የሽቦ ጥቅልና ሁለት በርሜል ቤንዚን ጭነን በጧት ወጣን። ሞጆ ቁርስ በላን። ከዝዋይ ወዲያ አቧራው ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ሻሸመኔ ስንደርስ ጥብስ በሰባ አምስት ሳንቲም፣ አልጋ በአንድ ብር ከስሙኒ አገኘን። አልጋውን ከእኔ በፊት ቁንጫ ይዞት ነበር፤ እኔ ደባል ሆኜ አደርኩ።

ማክሰኞ፦ ከሻሸመኔ ክብረ መንግሥት

መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣና ጫካ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ነበር። ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀረቀርን። አንድ ጊዜ ከእንጨት ነጋዴዎች ጋር ገፋን፤ ሌላ ጊዜ ባሻ ብቻቸውን ተሳድበው አወጡት። ጎማ ፈንድቶ ስንቀይር አንድ ማር ሻጭ መጣና አንድ እንስራ ማር በአራት ብር አለን። ባሻ በሦስት ብር ካልሆነ ብለው ተከራከሩት፤ ሰውየው እንስራውን ተሸክሞ ሄደ። እስከ ክብረ መንግሥት ድረስ ስለዚያ ማር ሲቆጩ ሰማሁ።

ረቡዕ፦ ወደራ፣ ከዚያም ነጌሌ

ወደራ ቀዝቀዝ ያለች፣ በጥድ የተከበበች ከተማ ናት። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በፈረስና በቅቤ ሻጭ ተሞልቷል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በደስታ ተቀበለኝ። ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዳንቴል አልብሶታል፤ እንደ ሙሽራ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ዳንቴሉ ተገለጠ፤ ሬዲዮው ተከፈተ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ባቡር ነው። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ሲያልቅ አንዱን አስነሳሁና «ምን ሰማህ?» አልኩት።

«ሰማሁ፣ ጋሼ» አለ።

«እኮ ምን?»

ዞር ብሎ ጓደኞቹን አየና «ሬዲዮ» አለኝ።

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ድሮ እንዴት ይረብሹ ነበር መሰለዎት! ይህ ነገር ከመጣ ወዲህ ዝንብ ስትበር ትሰማለች።» ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ የሬዲዮው አማርኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ። ቅጼን አውጥቼ ሞላሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ አዎ። ተማሪው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፦ አዎ። ባትሪ ቀይሬ ወጣሁ።

ከወደራ በኋላ አገሩ ይወርዳል። ጥዱ ያልቅና ግራር ይጀምራል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ግመሎች መንገዱን ዘግተው ባሻን በንቀት ተመለከቷቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጌሌ ገባን። ከአንድ ሱቅ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ፓስታ በፍየል ሥጋ በላን፤ ወተት የበዛበት ሻይ በብርጭቆ ጠጣን፤ ለሁለታችን አንድ ብር ከሃያ ከፈልን። ሙቀቱ ደስ የሚል ነበር፤ ሰውም ሰላምታ አይሰለቸውም። «አካም» ይልሃል አንዱ፣ «ናጋ» ስትለው ደግሞ የከብቱንም የልጁንም ደህንነት ጠይቆህ ነው የሚያልፍ።

ሐሙስ፦ ነጌሌ

ጧት ትምህርት ቤቱ ስደርስ ሬዲዮው ከቢሮ የለም። ደሜ ፈላ። ወይ ተሸጧል ወይ አንዱ ሹም ቤቱ ወስዶ ዜና ይሰማበታል አልኩ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጣቱን ወደ ዕቃ ቤቱ ቀሰረ። በሩን ብከፍተው አንድ ቀጭን ወጣት ሰው የጠመኔ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጥፎ ይጽፋል። ሲያየኝ እጁን አነሳና «ቆይ» በሚል ምልክት አስቆመኝ። እኔን! ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁትን!

ትምህርቱ አልቆ ሬዲዮውን ሲዘጋ ብድግ አለ። መምህር ቦሩ ይባላል፤ የቦረና ተወላጅ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ያስተምራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። አንዲት ቃል እንኳ ካመለጠችኝ መልሼ አላገኛትም።»

«ሬዲዮው የተሰጠው እኮ ለተማሪ ነው» አልኩት በቁጣ።

«ለተማሪ ነው የምሰማው። አንቱ ያውቁታል፣ አንዱ ትምህርት በቀን ሁለት ጊዜ ይተላለፋል፤ ጧት ለጧት ፈረቃ፣ ከሰዓት ለከሰዓት ፈረቃ። የእኔ ልጆች የከሰዓት ናቸው። ጧት እኔ እሰማለሁ፤ ከሰዓት እነሱ ይሰማሉ። መሃል ላይ አንድ ሰዓት አለችን።»

«በአንዷ ሰዓት ምን ታደርጋላችሁ?»

ትንሽ አመነታ። «ይምጡና ይዩ» አለኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሄጄ ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። የዕለቱ ትምህርት ውሃ እንዴት ተን ሆኖ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ነው። ቦሩ ሰሌዳው ላይ ኤላ ሣለ። ኤላ ቦረናዎች የሚቆፍሩት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ወንዶች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ ያቀባብላሉ። ሁሉንም በኦሮምኛ ነበር የሚያስረዳው። በበጋ ከገንዳው ውሃ የሚሰርቀው ማነው ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ግመል አለ፤ አንዱ ጅብ አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቀስ እያለ ወደ ፀሐይ አመጣቸው። ከዚያ የሬዲዮውን የአማርኛ ቃል አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጻፈና ከኦሮምኛው ጋር አጋባላቸው። «ኢሲኒ ገሌ?» ይላቸዋል፤ ገባችሁ ወይ ማለቱ ነው። «ገሌ!» ይላል ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተከፈተ። የአዲስ አበባው መምህር ስለ ምድጃና ስለ ማንቆርቆሪያ ጀመረ። እመኑኝ፣ ልጆቹ ይቀድሙት ነበር! እሱ «ወደ ላይ የሚወጣው ምን ይባላል?» ብሎ ፋታ ሲሰጥ «ተን!» ብለው ጮኹ። በብዙ ትምህርት ቤት ያን ፋታ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ዝምታ ነው የሚሞላው። ሲያልቅ ዳኪ የምትባል፣ አንገቷ ላይ ዶቃ ያሰረች የዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ተነሳችና በተሰባበረ አማርኛ «የእኛ ውሃ ወደ ላይ ከሄደ፣ ዝናቡ ለምን ሌላ አገር ይዘንባል?» ብላ ጠየቀች። የሬዲዮው ሰው አይሰማትም። ቦሩ ግን ስለ ነፋስና ስለ ተራራ ነገራት። እኔ ሬዲዮ ስጠግን ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ሬዲዮ ሲያስተምር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስንወጣ የዳኪ አባት ግራር ሥር ዘንጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አባ ጉዮ ይባላሉ። ልጃቸውን ለማየት ሁለት ቀን በእግር መጥተዋል። ቦሩ እያስተረጎመልኝ ነገሩኝ።

«ከዚህች በፊት ወንድሟን ሰጥቼ ነበር። ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ ምንም ሳይገባው ተመለሰ። ከብቱንም ረሳ፣ ፊደሉንም አላወቀ። ይህችን የተውኳት ይህ ሰው ስላለ ነው። እሱ ከሄደ እወስዳታለሁ።»

እንደ እሷ ያሉ፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የተቀመጡ ልጆች የክፍሉ እኩሌታ ናቸው። ሁሉም በዚህ አንድ ሰው ክር የታሰሩ ናቸው ማለት ነው።

ሻይ ልጋብዝህ አልኩትና ከቦሩ ጋር ተቀመጥን። ስለ እሱ ዘርዝሬ እንደምጽፍ ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ከጻፉ ስለ ልጆቹ ይጻፉ። የእኔን አካሄድ ግን ይተዉት፣ ጌታዬ።»

«ምነው? የሚያስመሰግንህ እኮ ነው!»

«ምስጋናው ይቅርብኝ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ ዘንድ «ይቅርብኝ» ማለት ምን ማለት ነው? ለምነኝ ማለት ነው! ምግብ ሲቀርብልን ይቅርብኝ እንላለን፤ ወንበር ሲለቀቅልን ይቅርብኝ እንላለን፤ ሦስቴ ካልተለመንን አንቀመጥም። እኔም የጨዋ ልጅ ትሕትና መሰለኝ። «ተው እንጂ! አትፈር!» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። ዝምታውንም እሺታ አደረግሁት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሪፖርቱን ጻፍኩ። እንደዚያ ያለ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። ጧት መስማቱን፣ በመሃል ያለችውን ሰዓት፣ ኤላውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሁሉን ዘረዘርኩ። ለቦሩ ክብር ይሁን ብዬ ካርቦን አስገብቼ ከታች «ግልባጭ፦ ለአውራጃው ትምህርት ቢሮ፣ ለአውራጃው አስተዳደር» ብዬ ጨመርኩበት። ሰው በአለቆቹ ፊት ካልተመሰገነ ምኑን ተመሰገነ! ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ እኮ በእኛ መሥሪያ ቤት እንደ ሐሜት ነው የሚቆጠረው።

ዓርብ ጧት ዋናውን ለአለቃዬ በፖስታ ልኬ ሁለቱንም ግልባጮች ራሴ አደረስኩ። የአውራጃው የትምህርት ሹም አቶ ጌታነህ ይባላሉ፤ ቤተሰባቸው ከሰሜን የመጣ፣ እሳቸው ግን እዚያው ነጌሌ ተወልደው ያደጉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እጅግ ዘርዝረውታል» አሉኝ። እኔም አመሰገንኩ። አይ እኔ!

ከዓርብ እስከ ማክሰኞ፦ ዳዋን ተሻግሮ፣ ሜጋና ሞያሌ

ከነጌሌ ወደ ሜጋ የሚወስደው መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ ዳዋ ወንዝን አቋርጦ በአሬሮና በያቤሎ ይሄዳል። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ባሻ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው ከለኩት በኋላ ተሻገርን። አሬሮ ለአንድ ጣሳ የግመል ወተት ስሙኒ ከፈልን፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጥም የሚቆርጥ ወተት ነው። ያቤሎ ፍየል በስምንት ብር ሲሸጥ ባሻ የማሩ ነገር ትዝ አላቸውና ሳይከራከሩ ገዙ። እስከ ሜጋ ድረስ ያ ፍየል ከሬዲዮዎቹ ጋር ተጭኖ እየጮኸ ሄደ።

ሜጋ ነፋሻ ናት፤ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ይታያል። የጭነት መኪኖች ቆመው ሻይ የሚጠጡባት፣ ጎማ የሚለጥፉባት የመንገድ ከተማ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሁለት እንጨት ተክለን የአንቴናውን ሽቦ ዘረጋን። የሜጋን መምህራን ሰብስቤ የቦሩን ዘዴ እንደ ራሴ ልጅ እያሞገስኩ ነገርኳቸው። ማስታወሻ የያዘ አልነበረም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የቆላ ሙቀት ሰው ያደነዝዛል ብዬ አለፍኩት፤ ሜጋ ደግሞ ቆላ እንኳ አይደለችም።

ማክሰኞ ሞያሌ ገባን። እዚያ ብርና ሽልንግ በአንድ ኪስ ይኖራሉ፤ ሰው አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ሲገበያይ ደግሞ ስዋሂሊ ይጨምርበታል። ሬዲዮውን ለትምህርት ቤቱ አስረክቤ፣ ሲመሽ ሐጂ አደም የሚባሉ ነጋዴ ሻይ ቤት ገባሁ። ሱቃቸውና ሻይ ቤታቸው አንድ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ሬዲዮ ይናገራል፤ የሚናገረው በኦሮምኛ ነው። ግመል ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ተሸካሚው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስገባ ሐጂው ድምፁን ቀነሱት።

«የመንግሥት ሰው ነዎት?»

«የትምህርት ሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ። ጣቢያው የየት ነው?»

«የድንበር ማዶ» አሉ ባጭሩ። ሻይ አቀረቡልኝ።

እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል? የነጌሌው መምህር እንዴት አድርጎ በኦሮምኛ እንደሚያስረዳ፣ እኔም አድንቄ ጽፌ ለሹሙ እንደሰጠሁ ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ወላሂ? በወረቀት? በፊርማዎ?»

«በፊርማዬ።»

«ጌታዬ፣ የማዶው ሬዲዮ በዚህ ቋንቋ መንግሥትን ሲሰድብ ነው የሚውል። እኔ ይህን ስከፍት በር ላይ ሰው አቆማለሁ። ሬዲዮና ኦሮምኛ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይቶ ዝም የሚል ሹም በዚህ አገር የለም። የክፍል ቋንቋም አማርኛ ብቻ ነው፣ ትእዛዝ ነው። ልጁ አልነገረዎትም?»

ነግሮኝ ነበር። ይቅርብኝ ብሎኝ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ! የሜጋ መምህራን የተያዩት፣ አቶ ጌታነህ ሁለት ጊዜ ያነበቡት፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ። 

ከረቡዕ እስከ ዓርብ፦ ወደ ነጌሌ መመለስ

የታቀደው በያቤሎና በዲላ ዞረን አዲስ አበባ መግባት ነበር። ባሻን በነጌሌ እንመለስ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ዝም ብለው ዘይት ለኩና «ከቻልን እንድረስለት» አሉኝ። ጉድጓድ ሳይመርጡ ነዱ። ያቤሎ አላደርንም፤ አሬሮ ምሳ አልበላንም። የዳዋ ውሃ ጨምሮ ሐሙስን ማዶው ላይ ቁጭ ብለን ዋልን። እዚያ ወንዝ ዳር ለሹሙ የምናገረውን ንግግር አጠናሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ አቶ ጌታነህ ቢሮ ገባሁ።

«መምህር ቦሩ የት ነው?»

«ሰኞ ከማስተማር ታገደ። ማክሰኞ ፊልቱ ተላከ፤ ለእህል መጋዘን ጸሐፊነት።»

ፊልቱ የበለጠ በረሃ ነው፤ ሰውም የሚናገረው ሱማልኛ ነው። የቦሩ ኦሮምኛ እዚያ ለማንም አይረባም።

«ምን አጠፋ?» ብዬ ጮህኩ። «ልጆቹ ሲገባቸው በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔም አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያስተምር የነበረው እንዴት እንደሆነ የማላውቅ መሰለዎት? ሬዲዮው ከመምጣቱም በፊት ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። በዚያ ክፍል መስኮት አጠገብ ሳልፍ እርምጃዬን እፈጥን ነበር፤ እንዳልሰማ። ያልተጻፈ ነገር አልሰማሁም ማለት ይቻላል፣ አቶ ተፈራ። እርስዎ ጻፉት። ግልባጩንም ለአስተዳደሩ ሰጡ። እኔ ዝም ብል በማግሥቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣውስ?

«ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

መሳቢያቸውን ስበው ነጭ ወረቀት አወጡ። «አንድ መንገድ አለ። ያ ሪፖርት ስሕተት ነው፣ በዓይኔ አላየሁም፣ ከሰው ሰምቼ አጋንኜ ነው የጻፍኩት ብለው ይፈርሙ። ግልባጭ ለደረሳቸው ሁሉ ይላኩ። እኔ ደግሞ በሌላ ደብዳቤ ልጁን እመልሰዋለሁ። ማክሰኞ ክፍሉ ይገባል።»

ወረቀቱን ሳብኩት። ቀኑን ጻፍኩ። «ስለ ነጌሌ ትምህርት ቤት ባቀረብኩት ሪፖርት» ብዬ ጀመርኩ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። ከዚያ አለቃዬ ታየኝ፤ ያላየውን አየሁ ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ምን እንደሚደረግ ታየኝ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ታዩኝ። ከሁሉ በላይ፣ አልዋሽም፣ ያ የውጭ አገር ትምህርት ታየኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ ብል ውሸት ነው። እጄማ ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ የፈራሁ።

«ላስብበት» አልኩ።

አቶ ጌታነህ ወረቀቱን አዩት፤ ፊርማ የለውም። «ያስቡበት» አሉ። «እኔም ሰኞ ዕለት እንዲሁ ባስብበት ደስ ይለኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ላየው ሄድኩ። አዲስ የተመደበው መምህር ስምንት ሰዓት ላይ ገብቶ ሬዲዮውን ከፈተና እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ። የአዲስ አበባው ሰው ጠየቀ፤ ፋታ ሰጠ። ማንም አልመለሰም። ልጆቹ ሬዲዮውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። የዳኪ ቦታ ባዶ ነው። ከአጠገቧ ትቀመጥ የነበረችውን ልጅ «ዳኪስ?» አልኳት።

«አባቷ ወሰዳት» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ ሌሎቹን ባዶ ቦታዎች እየቆጠረች አሳየችኝ። ማየት አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

ፊልቱ ከነጌሌ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሄዶ እግሩ ላይ መውደቅ ይቻል ነበር። ባሻ ሞተሩን አስነስተው መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሙና «ወዴት ልዙር?» አሉኝ።

«ወደ ቤት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እስከ ሻሸመኔ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ስለ መኪናቸው እንኳ።

ሰኞ፦ አዲስ አበባ

እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁ። ልጆቼ ዘለው አቀፉኝ፤ ባለቤቴ ጠቁረሃል አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት።

በማግሥቱ አለቃዬ ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋ። ሪፖርቴ በፖስታ ቀድሞኝ ደርሷል። «ግሩም ነው!» አለኝ። «ይህች የቋንቋዋ ነገር ግን ትውጣ። ሌላው ግሩም ነው። መምህሩ የጧቱን ስርጭት አስቀድሞ ሰምቶ፣ ቃላቱን ጽፎ፣ ለከሰዓቱ ክፍል ማዘጋጀቱ! ለሁሉም ትምህርት ቤት በመመሪያ እናስተላልፈዋለን። ረቂቁን አንተ አዘጋጅ፤ ስምህ ይኑርበት።»

«ዘዴው የእኔ አይደለም» አልኩ። «የአንድ መምህር ቦሩ የሚባል ነው።»

«ከአውራጃው ቴሌግራም ደርሶኛል፤ ታግዷል አይደል እንዴ? የታገደ ሰው ስም በመመሪያ ላይ አይወጣም።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ተው እንጂ። አትግደርደር።»

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ሬዲዮ ያስተምራል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የሚናገረውን ወደ ልጆቹ ልብ የሚያስገባ ሰው ከሌለ ሬዲዮ ሣጥን ነው። የነጌሌ ልጆች ያ ሰው ነበራቸው። እሱን ያሳጣቸው ደግሞ ሹሙ ብቻ አይደለም፤ የማዶው ሬዲዮም አይደለም። እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በሞኝነት፣ ኋላ ግን ዓይኔን ከፍቼ።

መመሪያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ታትሞ መጣ። ቋንቋ የሚል ቃል የለበትም፤ ቦሩ የሚል ስም የለበትም። «ይህን አሠራር ያጠኑት» ከሚለው ቀጥሎ የእኔ ስም ከነሙሉ ማዕረጉ ሰፍሯል። ከታች ለፊርማ ክፍት ቦታ ተትቷል። በአቶ ጌታነህ ጠረጴዛ ላይ ፊርማዬን የነፈግሁት እኔ፣ ብዕሬን አውጥቼ ይህኛውን ሳላቅማማ ፈረምኩት።